አቆስጣዎች ባሕር ላይ ምግባቸውን የሚፈልጉት የት ነው? ውሃው ሲለወጥስ ወዴት ይሄዳሉ?

መምህር አራት ኪሎ | ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ከአራት ኪሎ አደባባይ ብዙ አይርቅም። ስለ ምግብ ሰንሰለት ስናወራ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ «አቆስጣ ውቅያኖስ መሃል ገብታ ዓሣው የት እንዳለ በምን ታውቃለች? ውሃው ሁሉ አንድ አይደል እንዴ?» አለችኝ። አጭር መልስ ሰጥቻት አለፍኩ፤ ጥያቄው ግን ከዚያ በላይ ይገባዋል። ያነበብኩትን እዚህ ላስቀምጥ፣ የምታውቁ ጨምሩበት።

አቆስጣ (በእንግሊዝኛ «ሲል» የሚሏት የባሕር አጥቢ እንስሳ) ስንል ብዙዎቻችን ድንጋይ ላይ ተጋድማ ፀሐይ የምትሞቀዋን ነው የምናስበው። እውነቱ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ባሕር ላይ ነው። ዝሆን አቆስጣን እንውሰድ። በዓይነቱ ትልቁ ነው፤ የደቡቡ ወንድ 4 ቶን ሊጠጋ ይችላል። ሴቷ በዓመት አንዴ ፀጉሯን ከቀየረች በኋላ ወደ ባሕር ስትገባ ለ7 ወይም ለ8 ወር መሬት አትረግጥም። በእነዚህ ወራት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ትዋኛለች። ከጊዜዋ ውስጥ ከመቶ 90 እጁ ያህል የሚያልፈው ከውሃ በታች ነው። አንዴ ስትጠልቅ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 800 ሜትር ትወርዳለች፤ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቆይታ ትወጣለች፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተንፍሳ ተመልሳ ትገባለች። ቀንም ሌሊትም እንደዚሁ። ከ2,000 ሜትር በላይ የወረዱም ተመዝግበዋል።

እዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ እንዲሁ በዕድል አትዞርም። ውቅያኖስ ከላይ ስናየው አንድ ሰማያዊ ሜዳ ይመስላል። ውስጡ ግን ሙቅና ቀዝቃዛ፣ ጨው የበዛበትና ያነሰበት ውሃ ተደራርቦና ተጎራብቶ ይኖራል። ምግብ ደግሞ በብዛት የሚገኘው እነዚህ ውሃዎች በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

ትልቁ ምሳሌ አንታርክቲካን ዞሮ የሚሄደው ጅረት ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ምድርን ይዞራል፤ መንገዱን የሚዘጋበት አህጉር የለም። በዚህ ጅረት ውስጥ ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛ ውሃ ከሰሜኑ ሞቅ ካለው ውሃ ሥር የሚገባበት መስመር አለ። በ200 ሜትር ጥልቀት አካባቢ ከ2 ዲግሪ በታች የሆነው ቀዝቃዛ ውሃ የሚያበቃው እዚህ መስመር ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ከታች የሚመጣው ንጥረ ነገር ፕላንክተንን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች) ይመግባል። ፕላንክተኑን ትናንሽ የባሕር እንስሳት ይበሉታል። እነሱን ደግሞ ገላቸው ላይ ብርሃን የሚያወጡ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ይበሏቸዋል። አቆስጣዋ የምትመጣው ለእነዚህ ዓሦች ነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አቆስጣዋ የምትከተለው ቦታን ሳይሆን የውሃውን ጠባይ ነው። ካርታ ላይ «የአቆስጣ መመገቢያ» ብለን ክብ ብንሠራ፣ ክቡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባዶ ሊሆን ይችላል። ውሃው ተነስቶ ሄዷላ!

ምን ትላላችሁ?

የፒያሳ ልጅ | ሰኞ ማታ 2፡48

መምህር፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያነሱት። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። 800 ሜትር ጥልቀት፣ ውቅያኖስ መሃል፣ ለ8 ወር። ይሄንን ማን አየ? በመርከብ ተከትለዋት ነው? ሰው ሊሄድበት በማይችል ቦታ ምን እንደምታደርግ ማወቅ እንዴት ተቻለ?

ሞገድ | ሰኞ ማታ 3፡30

የፒያሳ ልጅ፣ ቁልፉን ነው የነካኸው። ማስተርሴን የሠራሁት ከውሃ ሳይንስ ጋር በተያያዘ ስለሆነ ይሄን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ማንም አይከተላትም። መሣሪያውን ራሷ ትሸከማለች። መሬት ላይ ሳለች በማደንዘዣ ያስተኟትና ጭንቅላቷ ፀጉር ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሚመዝን መሣሪያ በኢፖክሲ ማስቲሽ ይለጥፋሉ። አጭር አንቴና አለው። የሙቀት መጠን፣ ጨዋማነትና ጥልቀት ይለካል። ጨዋማነቱን የሚያውቀው ውሃው ኤሌክትሪክ በምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ለክቶ ነው። እነዚህን መሣሪያዎች የሠሩት ስኮትላንድ ውስጥ በሴንት አንድሪውስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የባሕር አጥቢዎች ተመራማሪዎች ናቸው።

አንዴ ስትጠልቅ ምን እንደሚመስል ላሳይህ። አቆስጣዋ ራሷን ወደ ታች አዘንብላ ትወርዳለች። ታች ስትደርስ መሣሪያው የሚመዘግበው የጥልቀት መስመር ቀጥ ማለቱን ይተውና ወጣ ገባ ይላል። እዚያ ጋ እያሳደደች ነው ማለት ነው። ከዚያ ወደ ላይ ስትመለስ መሣሪያው እያንዳንዱን የውሃ ንብርብር እየለካ ይመጣል። ከላይ ስትደርስ ጭንቅላቷ ከውሃ የሚወጣው ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት መሣሪያው ወደ ሳተላይት ይልካል። ሁሉንም ለመላክ ጊዜው ስለማይበቃው ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች ብቻ ጨምቆ ነው የሚልከው። ሳተላይቱም በዚያው ያለችበትን ቦታ ይይዛል። በዓመቱ ፀጉሯን ስትቀይር መሣሪያው አብሮ ይወድቃል።

ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የብዙ አገር ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ከ500,000 በላይ ልኬቶች ሰብስበዋል። በክረምት በረዶ ተዘግቶ መርከብ በማይገባበት የአንታርክቲካ ዳርቻ፣ ካለን የውሃ መረጃ ብዙው የመጣው ከአቆስጣዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራ ኬፕ ዳርንሊ በሚባል ቦታ በጣም ቀዝቃዛና ጨዋማ ውሃ ወደ ውቅያኖሱ ወለል እንደሚወርድ አረጋግጧል። ያንን ለማሳየት ከረዱት ነገሮች አንዱ ዝሆን አቆስጣዎች ያመጡት ልኬት ነበር። እኔን ይሄ ሁሌም ይገርመኛል። እንስሳዋ ምግቧን ስትፈልግ ለኛ የውቅያኖሱን ካርታ ሠራችልን።

መምህር ያሉት ላይ አንድ ልጨምር። ድንበሩ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ይጠማዘዛል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ አዙሪት ይወጣዋል። በክረምት ቀበና ሲሞላ ከድልድዩ ጥግ ቅጠልና አረፋ እየተሽከረከረ ሲጠራቀም አይታችሁ ይሆናል። የውቅያኖሱ አዙሪት እንደዚያ ነው፤ ስፋቱ ግን ከአሥሮች እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ለወራትም ሊቆይ ይችላል። አዙሪቱ ዳር ላይ ውሃው ቀጭን ክር እየሠራ ይዘረጋል፤ ምግብም በዚያው ላይ ይሰባሰባል። ከርጌለን ከሚባሉት የፈረንሳይ ደሴቶች (ከማዳጋስካር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ) የሚነሱት አቆስጣዎች እነዚህ አዙሪቶች ዳር ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ መንገዳቸውም ይጠማዘዛል። ቀጥ ብላ ስትዋኝ የነበረች አቆስጣ እዚያ ጋ መዞር ትጀምራለች። ምግብ አግኝታለች ማለት ነው።

የፒያሳ ልጅ | ሰኞ ማታ 3፡41

ሞገድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። አዙሪቱንስ ከሰማይ ማየት ይቻላል?

ሞገድ | ሰኞ ማታ 3፡50

ይቻላል። ሳተላይት የባሕሩን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ሙቅ ውሃ ያለበት አዙሪት መሃሉ ከፍ ይላል፣ ቀዝቃዛው ዝቅ ይላል። የአቆስጣዋን መንገድ በዚያ ካርታ ላይ ስታስቀምጠው ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ታያለህ።

መርከበኛው | ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ተምሬ ለብዙ ዓመት መርከብ ላይ የሠራሁ ነኝ። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ነው የምኖረው። በዓይኔ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አፍሪካም አቆስጣ አላት። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ ዳርቻ ፀጉራም አቆስጣ የሚባሉት አሉ። ኬፕ ታውን ወደብ ስትገቡ መርከብ ማሰሪያው ሥር ተጋድመው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሰው አጠገባቸው ሲያልፍ ደንታም የላቸው። ዋልቪስ ቤይ ስትደርሱ ደግሞ ከጀልባ ጎን ይዋኛሉ። እኔ መጀመሪያ ሳያቸው የገረመኝ እንስሳው ብቻ አልነበረም። ውሃው ነው። በረሃ ዳር ነን፣ ፀሐይዋ ትጋረፋለች፣ ባሕሩ ግን እጅ ሲነከር ያንቀጠቅጣል። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ በረሃውን ይሸፍነዋል። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ አይደለም። ሽታውም ከባድ ነው።

የመርከቡ ሹም ምክንያቱን ነገረን። ከደቡብ የሚነፍሰው ነፋስ ዳርቻውን ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ምድር ስለምትዞር ላይኛው ውሃ ከዳር ወደ ውጭ ይገፋል። በእሱ ቦታ ከታች ቀዝቃዛው ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ ንጥረ ነገር የሞላው ነው። አረንጓዴው ቀለም ፕላንክተን ነው። ከዚያ ሰርዲን፣ ከዚያ አቆስጣ፣ ከዚያ የዓሣ አስጋሪው መርከብ። ሁሉም የቆመው በነፋሱ ላይ ነው።

ነፋሱ ወይ ውሃው ሲበላሽ ግን ጉድ ይፈላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ናሚቢያ ዳርቻ ላይ ኦክስጅን የሌለው ውሃ ተስፋፋ፤ ዓሣውም ራቀ። የአቆስጣ ግልገሎች በብዙ ሺዎች በረሃብ አለቁ። ትልልቆቹም ጭምር። አብረውኝ የሠሩ የናሚቢያ ልጆች ያንን ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይለወጥ ነበር።

መምህር ያሉትን እኔም እመሰክራለሁ። ባሕር ላይ ቦታ ብሎ ነገር የለም። ዛሬ ዓሣ የሞላበት ውሃ ነገ ባዶ ነው።

የልጆች እናት | ማክሰኞ 4፡05

ሁላችሁንም በአክብሮት አንብቤያለሁ። ቅር እንዳይላችሁ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኛ ባሕር የለንም። ልጆቻችን ስለ አባይ፣ ስለ ዝዋይ፣ ስለ ጣና ዓሣ ሳያውቁ ስለ አንታርክቲካ አቆስጣ መማራቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል፤ ግን ምን ብዬ ላበረታታው?

ደመና ተመልካች | ማክሰኞ 7፡30

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ሥራዬ ከአየር ትንበያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መልሱን በእኛው ዝናብ ልጀምር።

በእኛ አቆጣጠር የ2007ን ክረምት ታስታውሻለሽ። እ.ኤ.አ. 2015 ማለት ነው። ዝናቡ ቀረ። አፋር፣ የሶማሌ ክልል ሰሜኑ፣ ምሥራቅ አማራ፣ ትግራይ፣ ምሥራቅ ኦሮሚያ፣ ከብቱ አለቀ። በዓመቱ መጨረሻ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ተገለጸ። ያ ድርቅ የመጣው ኤልኒኞ በበረታበት ዓመት ነው። ኤልኒኞ ደግሞ የሚጀምረው ከኛ እጅግ ርቆ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነው።

በደህናው ጊዜ በምድር ወገብ ላይ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ሙቁን ውሃ ወደ እስያ ይገፋዋል። በፔሩና በጋላፓጎስ በኩል ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፤ መርከበኛው ናሚቢያ ላይ እንዳየው ማለት ነው። ኤልኒኞ ሲሆን ነፋሱ ይደክማል። ሙቁ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በሙቁና በቀዝቃዛው ውሃ መካከል ያለው ወሰን ወደ ታች ይወርዳል። ነፋሱ ከሥር ውሃ ቢያወጣ እንኳ የሚያወጣው ያንኑ ሙቅና ንጥረ ነገር የሌለውን ውሃ ነው። ፕላንክተኑ ይሳሳል። ዓሣው ወይ ጠልቆ ይወርዳል፣ ወይ ይሰደዳል።

ጋላፓጎስ ላይ ፀጉራም አቆስጣ አለች፤ በምድር ወገብ ላይ የምትኖር ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 እና 83 በነበረው ኃይለኛ ኤልኒኞ በዚያ ወቅት የተወለዱት ግልገሎች ከሞላ ጎደል በሙሉ አለቁ። እናቶቹ ምግብ ፍለጋ ሄደው ቆዩ። ሲመለሱም ጡታቸው ባዶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015ም የካሊፎርኒያ የባሕር አንበሳ (የአቆስጣ ዘመድ) ግልገሎች ከስተው ዳርቻ ላይ ሲወድቁ ነበር። ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ በኩል ያለው ውሃ ከኤልኒኞው በፊትም በጣም ሞቆ ስለነበር ሁለቱ ተደራረቡ። ግልገሎቹና የእኛ አርብቶ አደሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም። የአንድ ውቅያኖስ ሙቀት ግን ሁለቱንም መታቸው።

ለልጅሽ ይሄን ንገሪው። ዝናባችን ከባሕር ነው የሚመጣው። የውቅያኖስን ጠባይ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እጅግ ያስፈልገናል።

የልጆች እናት | ማክሰኞ 8፡10

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርህ። ይሄን ማታ አነብለታለሁ። ሆዴን የበላኝ ግን የእናቶቹ ነገር ነው። ሁሉም አቆስጣ ግልገሉን ትቶ ነው የሚሄደው?

መምህር አራት ኪሎ | ማክሰኞ ማታ 1፡40

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትልቅ ልዩነት አለ። የውሃው ለውጥ ማንን ክፉኛ እንደሚጎዳ የሚወስነውም እሱ ነው።

ዝሆን አቆስጣ እናት ለሦስት ሳምንት ከምናምን መሬት ላይ ሆና ታጠባለች። በእነዚያ ቀናት አንድም ነገር አትቀምስም። ከስቧ እያወጣች ወተት ትሰጣለች፤ ወተቱም በጣም ቅባታም ነው። ከዚያ ግልገሉን ጡት አስጥላ ጥርግ ብላ ትሄዳለች። ስለዚህ በባሕር ሳለች ነፃ ናት። ውሃው እዚህ ካልተመቸ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ሌላ ትፈልጋለች። ለማንም ልቅሶ ልትመለስ አይጠበቅባትም።

ፀጉራሟ አቆስጣ እንደዚያ አትችልም። ለጥቂት ቀን ባሕር ትገባለች፣ ተመልሳ ታጠባለች፣ እንደገና ትሄዳለች። ይሄ ለወራት ይቀጥላል፤ የጋላፓጎሷ እንዲያውም ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ታጠባለች። ግልገሉ የሚታገሰው ቀን የተወሰነ ስለሆነ ርቃ መሄድ አትችልም። ዳርቻው አጠገብ ያለው ውሃ ከተበላሸ ሌላ አማራጭ የላትም። በደቡብ ጆርጂያ ደሴት ክሪል (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ) በሚጠፋባቸው ዓመታት የእናቶቹ ጉዞ ይረዝማል፤ የግልገሎቹም ኪሎ ይቀንሳል። እዚያ የሚሠሩ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን ለአሥርተ ዓመታት ሲመዘግቡ ቆይተዋል። የባሕሩን ደኅንነት ከግልገል ክብደት ያነባሉ ማለት ነው።

አዲስ አንባቢ | ማክሰኞ ማታ 2፡05

ታዲያ ነገሩ ቀላል አይደለም እንዴ? አቆስጣ ቀዝቃዛ ውሃ ትወዳለች፣ ሙቅ ትጠላለች። ሲሞቅ ወደ ቀዝቃዛው ትሄዳለች። እዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ መግባት ምን ያስፈልጋል?

ሞገድ | ማክሰኞ ማታ 3፡15

አዲስ አንባቢ፣ እንደዚያ አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

ሙቀቱ ራሱ አይደለም የሚያባርራት። ሐዋይ የራሷ አቆስጣ አላት። ሜዲትራንያንም አላት። የጋላፓጎሷን ደግሞ ደመና ተመልካች ነግሮሃል። ዝሆን አቆስጣም ብትሆን ስቧ ስለሚጠብቃት በሙቁም በቀዝቃዛውም ውሃ ታልፋለች። ጥያቄው ውሃው ምግቡን የት አስቀመጠው ነው። የትኛው አካባቢ ብቻ ሳይሆን በስንት ሜትር ጥልቀት።

እነዚያ ብርሃን የሚያወጡ ዓሦች ቀን ቀን ወደ ጨለማው ይወርዳሉ፤ ሌሊት ፕላንክተን ለመብላት ወደ ላይ ይወጣሉ። ይሄ በየዕለቱ የሚደረግ ጉዞ ነው፤ በዓለም ላይ ትልቁ የእንስሳት እንቅስቃሴ ነው ይባላል። አቆስጣዋም ትከተላቸዋለች። ስለዚህ ቀን ጠልቃ ሌሊት ቀለል አድርጋ ትወርዳለች። አሁን ሙቅ አዙሪት ውስጥ ብትገባስ? ቀዝቃዛው ንብርብር ወደ ታች ተገፍቷል። ዓሦቹም አብረው ወርደዋል። እሷም ለመድረስ የበለጠ መጥለቅ አለባት። ትንፋሿ ግን ያው ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ 100 ሜትር መውረጃና መውጫ ጊዜዋን ይወስዳል። ታች ለማደን የሚተርፋት ደቂቃ ያጥራል። ምግቡ አለ፤ ዋጋው ግን ተወደደ።

ለዚህ ነው የላይኛውን ሙቀት ብቻ በሳተላይት ዓይቶ «እዚህ ትበላለች» ማለት የማይቻለው። ታች ያለው ንብርብር ነው ወሳኙ። ሳተላይቱ ያንን አያይም፤ እሷ ግን ታየዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ መምህር ያሉትን ትንሽ ያወሳስበዋል። ሁሉም አቆስጣ ውሃውን ብቻ አይከተልም። አንዳንዶቹ በየዓመቱ ወደዚያው አካባቢ ይመለሳሉ፤ ዓመቱ መጥፎ ቢሆንም እንኳ። ትዝታ አላቸው። አካባቢውን በትዝታ ይመርጣሉ፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ ትክክለኛውን ቦታ ውሃውን አይተው ይመርጣሉ፤ እኔ እንደዚያ ነው የምረዳው። ወንዶቹና ሴቶቹም ይለያያሉ። በሰሜን ፓስፊክ ሴት ዝሆን አቆስጣዎች ከካሊፎርኒያ ተነስተው ወደ ውቅያኖሱ መሃል ይሄዳሉ፤ ቀዝቃዛውና ሞቃታማው ውሃ ወደሚገናኙበት ቀበቶ። ወንዶቹ ግን ወደ አላስካ ዳርቻ ሄደው ወለሉ ላይ ያለውን ያድናሉ። አንድ ባሕር፣ አንድ ዝርያ፣ ሁለት ኑሮ።

መምህር አራት ኪሎ | ማክሰኞ ማታ 3፡28

ሞገድ፣ የትዝታው ነገር በጣም ጠቃሚ ነው። ተቀብዬዋለሁ። እንዲያውም ሐሳቡን ያጠናክረዋል ባይ ነኝ። ልምድ ያላት አቆስጣ የምታስታውሰው ድንበሩ ብዙውን ጊዜ የሚያልፍበትን አካባቢ ነው። ቀሪውን ውሃው ይነግራታል። የሚያሰጋኝ ደግሞ ይሄው ነው። ውቅያኖሱ እየሞቀ ድንበሮቹ ከቦታቸው ቢርቁ ያ ትዝታ ወደ ባዶ ውሃ ይመራታል።

የፒያሳ ልጅ | ማክሰኞ ማታ 3፡55

በጣና አቆስጣ አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ጓደኛ ስላለኝ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ የሚኖር የለም? ቀይ ባሕርስ?

መርከበኛው | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ቀይ ባሕር ላይ አቆስጣ የለም። እዚያ ያለችው ዱጎንግ ናት፤ የባሕር ሣር የምትግጥ፣ ከአቆስጣ ጋር ዝምድና የሌላት። ጣናም የለም። ሐይቅ ውስጥ የምትኖር አቆስጣ ግን አለች፤ ሩሲያ ውስጥ ባይካል ሐይቅ። ጨው በሌለው ውሃ ብቻ የምትኖር ብቸኛዋ ዝርያ እሷ ናት።

ሚዛን | ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ሁሉንም አነበብኩ። እንስሳት ላይ የሚደረግ ነገር ሁሌ ያሳስበኛል። ጭንቅላቷ ላይ ዕቃ ለጥፎ ስምንት ወር መልቀቅ አያሰቃያትም? ዓሣ ከማደንስ አያግዳትም?

ሞገድ | ረቡዕ ጠዋት 3፡20

ሚዛን፣ ልክ ነህ፤ መጠየቅ አለበት። መሣሪያው የሚለጠፈው ፀጉሩ ላይ ነው፤ ቆዳዋ አይበሳም። ክብደቱም 400 ኪሎ ከሚመዝን እንስሳ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ለደቡቡ ዝሆን አቆስጣ መሣሪያ የተለጠፈባቸውንና ያልተለጠፈባቸውን አወዳድረው በክብደትም በመትረፍም ልዩነት ያላገኙ ጥናቶች አሉ። ለትናንሾቹ ዝርያዎች ግን ጥንቃቄው ይበልጣል፤ የዕቃው መጠንም ማነስ አለበት። ለማንኛውም ይሄ ሥራ ያለ ፈቃድና ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ አይሠራም።

ከባሕር መሃል ወጥተን ደግሞ ዳርቻውን እንይ። በሰሜን ባሕር፣ በእንግሊዝና በጀርመን በኩል ያሉት አቆስጣዎች ሩቅ አይሄዱም። እዚያ ወሳኙ የባሕሩ ወለልና ማዕበሉ ሲሞላና ሲጎድል የሚፈጠረው ጅረት ነው። አሸዋ ውስጥ የሚደበቅ ቀጭን ዓሣ አለ፤ አሸዋው ትክክለኛው ዓይነት ካልሆነ አይኖርም። አቆስጣዎቹም ያንን አሸዋ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ አንዳንዶቹ በባሕር ላይ በተተከሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መካከል ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በቀጥታ መስመር እየሄዱ እንደሚያድኑ አሳይቷል። ምሰሶው ሥር ዓሣ ይሰባሰባላ። መንገዳቸው ካርታ ላይ ሲወጣ ልክ እንደ ፍርግርግ ነው።

ደመና ተመልካች | ረቡዕ 6፡45

በረዶውን ሳናነሳ እንዳንዘጋው። ለአንታርክቲካ አቆስጣዎች የባሕር በረዶ ራሱ የውሃው ሁኔታ አካል ነው። ክሪል በክረምት ከበረዶው ሥር የሚያድገውን አልጌ ይበላል። ክሪል በሊታዋ አቆስጣ ጥርሷ እንደ ወንፊት የተሰነጠቀ ነው፤ ውሃውን አፍስሳ ክሪሉን ታስቀራለች። ወዴል የምትባለው ደግሞ በረዶውን በጥርሷ እየፈገፈገች የመተንፈሻ ቀዳዳዋን ክፍት ታደርጋለች፤ ከዚያ ቀዳዳ ርቃ መሄድ የምትችለው ትንፋሿ በሚፈቅድላት ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት የአንታርክቲካ ባሕር በረዶ በሳተላይት መለካት ከጀመረ ወዲህ ያልታየ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት ሲደጋገም መመገቢያው የት ይሄዳል የሚለውን ብዙዎች እየተከታተሉት ነው።

የልጆች እናት | ረቡዕ ማታ 1፡30

ልጄ ትናንት እስኪተኛ ድረስ ጥያቄ አላቆመም። የመጨረሻውን እኔ መመለስ አልቻልኩም። «መብላቷንስ በምን ያውቃሉ? ምናልባት እየዞረች አላገኘችም ይሆናል» አለኝ።

ሞገድ | ረቡዕ ማታ 2፡40

ልጅሽን አንድ ቀን ላገኘው እፈልጋለሁ። ተመራማሪዎቹም ለረጅም ጊዜ ያስቸገራቸው ጥያቄ ነው።

አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ዝሆን አቆስጣ አንዳንዴ ስትጠልቅ መሃል ላይ መዋኘት ታቆማለች። ዝም ብላ ትንሳፈፋለች። ከካሊፎርኒያ የመጣ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳየው በዚያ ጊዜ ትተኛለች፤ ባሕር ላይ ሳለች በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው የምትተኛው። መሣሪያው ያኔ የምትሰምጥበትን ፍጥነት ይለካል። ስብ ከውሃ ይቀልላል። ከመሬት ስትነሳ ከስታ ስለሆነ ቶሎ ትሰምጣለች። ወራት አልፈው ስብ ስታከማች መስመጧ እየዘገየ ይሄዳል። በደንብ የበላችው ወደ መጨረሻ ላይ መስመጧን ትታ ወደ ላይ መንሳፈፍ ትጀምራለች። ፍጥነቱ የተቀየረበትን ሳምንትና ቦታ ስታዪ የትኛው ውሃ እንዳበላት ታውቂያለሽ። የመዞሯ ነገር ግምት ነው፤ የስቧ ለውጥ ግን ማስረጃ ነው።

በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ የመንጋጋዋን እንቅስቃሴ ይለካሉ። አፏን በከፈተች ቁጥር ይቆጠራል።

መምህር አራት ኪሎ | ረቡዕ ማታ 3፡05

ይሄን ቅዳሜ ለተማሪዎቼ አቀርበዋለሁ። ሞገድ፣ የአንዷን አቆስጣ መንገድና ልኬት ማግኘት ይቻላል? ልጆቹ ራሳቸው ግራፍ ላይ ቢያወጡት ደስ ይለኛል።

ሞገድ | ረቡዕ ማታ 3፡12

ይቻላል፤ ልኬቶቹ ለማንም ክፍት ናቸው። ከከርጌለን የተነሳች አንዷን መርጬ ቀኑን፣ አቀማመጧን፣ ጥልቀቱንና ሙቀቱን በሰንጠረዥ አዘጋጃለሁ። ፋይሉ ስለሚከብድ በስልክ አይላክም። ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነኝ፤ ፍላሽ ይዘው ይምጡ።

የልጆች እናት | ረቡዕ ማታ 3፡20

እኛም ዓርብ እንመጣለን።